ከቡናው ይልቅ ምንጣፌን የጎዳው ውሃና ሳሙናው ነበር

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ያን ዕለት አጠገቤ የነበረ ሰው «ውሃውን ቀንስ፤ የጨመርከውንም ሳሙና መልሰህ አውጣ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የሳሎኔ የሱፍ ምንጣፍ ሳይጎዳ ይቀር እንደነበር ስለማምን ነው። የፈሰሰው ወተት የገባበት አንድ ኩባያ ቡና ብቻ ነበር። ቡናው ዛሬ የለም፤ ቡናውን አስለቅቃለሁ ብዬ ያደረስኩት ጉዳት ግን አሁንም ይታያል።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በሚገባ ተጠቅሜባቸው ነበር። ነጭ የጥጥ ፎጣ አጥፌ፣ ሳላሽ፣ ከእድፉ ዳር ወደ መሃሉ እየሄድኩ በመዳፌ ተጫንኩት፤ ፎጣው መምጠጥ እስኪያቆም ድረስም ገጹን እየቀያየርኩ ቀጠልኩ። ባለ ቀለም ፎጣ የራሱን ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ነጭ መሆኑ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ቀጥዬ ቢሆን ኖሮ የቀረው ሥራ ቀላል ይሆን ነበር።

ነገር ግን የምንጣፍ ማጽጃ ፈሳሽ ቤት ውስጥ ነበረኝና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መመሪያ አንድም ሳላጎድል ፈጸምኩ። መመሪያው ፈሳሹ በብዛት እንዲፈስስና በቡሩሽ እንዲታሽ ያዛል። አፈሰስኩ፤ አሸሁ፤ በላዩ ውሃ ደፋሁ። ማታ እድፉ ጨርሶ ስለጠፋ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ግን ተመልሶ ነበር፤ ያውም ሰፍቶ፣ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት አበጅቶ። ማጽጃው ያነሰው ስለመሰለኝ በዚያው ቀን ደገምኩት፤ በማግስቱም ሠለስኩት። ቀለበቱ በየጠዋቱ እየደመቀ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የምንጣፉን ጥግ ገልጬ እጄን ወደ እድፉ ሥር ስሰድ ጀርባው ውሃ እንደጠጣ ጆንያ ከብዶ ነበር፤ ጣቶቼ ረጠቡ፤ የሻጋታ ሽታም ሸተተኝ። የሆነው ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በላይ የሚፈስሰው ውሃ ሳሙናውንና የቡናውን ቅሪት ይዞ ወደ ጀርባው ይወርዳል፤ ሲደርቅ ግን የሚተነው በጸጉሩ ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ጸጉሩም ከታች ያለውን እድፍ ስቦ ጫፉ ላይ ይተወዋል። ከዚህም በላይ የእኔ ምንጣፍ ጀርባ የተሠራው ከጁት ቃጫ ነው። ጁት ለረጅም ሰዓት ሲረጥብ፣ ይልቁንም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነ ማጽጃ ሲያገኘው፣ የራሱን ቡናማ ቀለም ይለቃል። ሦስት ቀን የታገልኩት ቀለበት በአብዛኛው ቡና አልነበረም፤ እኔው በውሃ ብዛት ከጀርባው ያወጣሁት ቀለም ነበር። በዚህ እስካሁን እናደዳለሁ። ጠርሙሱ ላይ ስለ ጀርባው፣ ስለ ሱፍና ስለ ማድረቅ አንድም ቃል የለም፤ «በብዛት» የሚለው ግን ሁለት ቦታ ተጽፏል። ራሴንም አልምርም፤ ማንኛውም ማጽጃ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከር እንዳለበት እያወቅሁ አልሞከርኩም።

ያዳነኝ ቀላል ነገር ነው። በ2 ኩባያ ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሬ፣ ጨርቅ ነክሬ በደንብ ከጨመቅሁ በኋላ ቀለበቱን ሳላሽ ደጋግሜ ነካካሁት፤ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅም እንዲሁ አደረግሁ። ቀጥሎ ደረቅ ነጭ ፎጣዎች ደራርቤ፣ በላያቸው ላስቲክ አንጥፌ፣ ውሃ የሞላ ድስት ጫንኩባቸውና አሳደርኳቸው። ጠዋት የታችኛውን ፎጣ ሳነሣው መሃሉ ላይ ደብዛዛ ሻይ የመሰለ ክብ ምልክት ነበረበት፤ ወደ ጸጉሩ ጫፍ ይወጣ የነበረው ቀለም ወደ ፎጣው ገብቷል። ፎጣ እየቀየርኩ ሌላ ሌሊት ካሳደርኩ በኋላ ምንጣፉን በሁለት ወንበሮች ላይ ከፍ አድርጌ ከሥሩ ቬንቲሌተር አበራሁ።

ቀለበቱ ጠፋ። በቡሩሹ ያሸሁት ቦታ ግን አልተመለሰም። የሱፉ ክር ጥምዝ ተፈትቶ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ስፍራ ተንጨባርሮ ቀርቷል፤ ብርሃን ከመስኮት በጎን ሲገባ ደግሞ ከሌላው የጠቆረ ይመስላል። ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም፤ ስለዚህ መመሪያው ምንም ቢል ቡሩሽ ምንጣፍ ላይ አይውጣ እላለሁ። ሳሙናም ቢሆን ለአንድ ኩባያ ውሃ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ሳይወጣ የቀረ ሳሙና አቧራ ስለሚይዝ ንጹሕ የነበረው ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ያድፋል።

ሌላው እድፍ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይለቃል፤ ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ስለሚያረጋው ያጣብቀዋል። ዘይት ላይ ከውሃ በፊት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ካቆዩ በኋላ መጥረግ ይሻላል። የሻማ ሰም በበረዶ ደርቆ ይፈረፈራል፤ የቀረውን ነጭ ወረቀት አልብሶ ለብ ባለ ካውያ ወደ ወረቀቱ ማስመጠጥ ነው። በረኪና ግን ሱፍን ራሱን ስለሚበላ አይሞከር፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አሁን ምንም ነገር ሲፈስ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደርቅ እጥራለሁ፤ መድረቁንም ጥጉን ገልጬ፣ ጀርባውን በእጄ መዳፍ ዳስሼ አጣራለሁ። ከቀዘቀዘኝ ገና እርጥብ ነው ማለት ነውና ፎጣውንና ድስቱን እመልሳቸዋለሁ።