ደሴ ላይ አልጋ የሚፈልግ ሰው ጎግል ላይ ምን ብሎ ይጽፋል?

ዌብሳይት መሥራት እየተማርኩ ነው። የምለማመደው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የዘመዴ ፔንሲዮን ገጽ ላይ ነው። ስለ ኮዱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ የዛሬው ስለ ቁልፍ ቃል፣ ኪወርድ ስለሚሉት ነገር ነው፤ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል ማለት ነው።

ባለቤቱ ገጹ አናት ላይ እንዲጻፍ የፈለጉት «ምቾትና ጥራት መለያችን ነው» የሚል ነበር። «ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ አልጋ የሚፈልግ ሰው አለ?» ስላቸው ሳቁ። እኔም እንግዳ መቀበያው ላይ ከምትሠራው ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ደዋዮች የሚሉትን መጻፍ ጀመርኩ። «አልጋ አለ?» «ስንት ነው?» «ሙቅ ውሃ አለው?» «መኪና ማቆሚያስ?» «ከመናኸሪያ ይርቃል?» የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሙቅ ውሃ ቢጠይቅ አይፈረድበትም! «የእንግዳ ማረፊያ አገልግሎት» ያለ ግን አልሰማሁም። ሰው ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ፍለጋው ጥቂት ሲሆን የሚያሳየው ነገር የለም። ለእኛ ዓይነት ከተማ ስልኩ ይሻላል።

«አልጋ» ብቻውን ግን አይበቃም። «የአልጋ ዋጋ» ብሎ የሚጽፈው ሰው ምናልባት ጎጆ ሊወጣ እቃ የሚገዛ ሙሽራ ነው፤ እሱ እኛ ገጽ ላይ ቢመጣም ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ ቦታውንና ሰው የሚጠይቀውን ነገር አብሬ አስገባሁ። ቀድሞ «መነሻ ገጽ» ይል የነበረው ታይትል (ጎግል ውጤት ላይ የሚታየው የገጹ ርዕስ) አሁን «አልጋ በደሴ ፒያሳ፣ ሙቅ ውሃና መኪና ማቆሚያ ያለው» ይላል። ይኸው ሐሳብ በትልቁ ርዕስና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። የፎቶዎቹ መግለጫም «ፎቶ አንድ» መሆኑ ቀርቶ «ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፣ ደሴ» ሆኗል። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው መጻፍ ነው። «ርካሽ አልጋ ደሴ፣ ደሴ አልጋ፣ አልጋ በደሴ» እያሉ መደርደርን ጎግል እንደ ስፓም ይቆጥረዋል፤ አንባቢውም ይሸሻል። አንዳንድ የቆዩ ቪዲዮዎች ኮዱ ውስጥ የኪወርድ ሜታ ታግ (ኪወርዶች የሚደረደሩበት፣ ለጎብኚው የማይታይ መስመር) ሙሉ ይላሉ። ጎግል ገጾችን በደረጃ ለማስቀመጥ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. ተናግሯል፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የከበደኝ የፊደል ጉዳይ ነው። ሐይቅ ከተማን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው ደግሞ በ«ሃ» ይጽፋታል። ደሴን በላቲን የሚጽፈውም አንዳንዱ በአንድ ኤስ፣ አንዳንዱ በሁለት ነው። ጽሑፉ ላይ አጻጻፍ ማቀላቀል ዝርክርክ ስለሚያደርግ አንዱን ይዤ ቀጠልኩ። የላቲኑን ስም ግን አድራሻው ላይና ከስልክ ቁጥሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። የገጽ ሊንክ በአማርኛ ፊደል ከሆነ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረጋል፤ ቴሌግራም ላይ ሲላክ አስፈሪ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሊንኩን በላቲን አድርጉት።

ለውጥ መኖሩን የማየው ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል መሣሪያ ነው። ነፃ ነው፤ ገጹ በየትኛው ፍለጋ እንደታየና እንደተነካ ያሳያል፣ እስከ 16 ወር ድረስ ወደኋላ። መጀመሪያ የሚታየው የፔንሲዮኑ ስም ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚፈልገው ቀድሞ የሚያውቀን ነው። አሁን በመናኸሪያና በሙቅ ውሃ የገቡ ፍለጋዎች ብቅ እያሉ ነው። ብዙዎቹ መታየት እንጂ መነካት የላቸውም፤ ታይትሉን ገና አሻሽላለሁ። «ደሴ አልጋ» ለሚል ደግሞ ካርታው ከላይ ስለሚመጣ የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይሉን (ካርታው ላይ የሚታየውን የድርጅቱን መረጃ) መሙላት ከገጹ እኩል ሥራ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልጠበቅኩት «ከደሴ ሐይቅ ስንት ኪሎ ሜትር» የሚል ነበር። ለእሱ ብቻ አንድ ገጽ እየጻፍኩ ነው፦ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንዶች ብቻ የሚገቡበት መሆኑን፣ ጠዋት ሄዶ ማታ ደሴ ማደር እንደሚቻል። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ወርዶ ደሴ ለሚያድር ሰውም ሌላ ገጽ አስቤአለሁ። ከእናንተ በአማርኛ ገጽ ላይ የሐና የሀን ነገር በሌላ መንገድ የፈታ ካለ ይንገረኝ።