ዋርሶን በሾፓን ውድድር ሰሞን
በፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ በሾፓን ስም የተሰየመው የፒያኖ ውድድር በየ5 ዓመቱ በፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ ላይ ይካሄዳል፤ ቀጣዩ በፈረንጆች 2030 ነው። ለፍጻሜው ትኬት አትጋፉ። ለአገር ጎብኚ የሚመቸው የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ጠዋትና ማታ ስለሚጫወቱ በመሃል ያለው ሰዓት ለአሮጌው ከተማ ይተርፋል። ኦክቶበር 17 ሾፓን ያረፈበት ቀን ስለሆነ ውድድር የለም፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለውን የትውልድ መንደሩን፣ ዜላዞቫ ቮላን፣ እዩበት። ማታ የሾፓን ልብ ተለይቶ በተቀመጠበት በዋርሶው ቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የሞዛርት ሬኪዬም (የሙታን መታሰቢያ ሙዚቃ) ይቀርባል።

ዋናው ጣጣ ቪዛው ነው። የሸንገን (ፖላንድን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ውሳኔው ከ15 ቀን እስከ 45 ሊጎተት ይችላል። የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን። ከመሥሪያ ቤት ያገኛችሁትን የእረፍት ፈቃድ ለገሃር ስታስተረጉሙ ቀኑን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፦ ጥቅምት 7 ኦክቶበር 17 ነው፤ ኦክቶበር 7 ተብሎ ከተጻፈ ከበረራ ቀናችሁ ጋር ይጋጫል።