የመጀመሪያዋ ፉት

ቡና የለመደ ሰው ሳይጠጣ ከዋለ ግንባሩን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት ይመጣበታል፤ ዓይኑ ይከብዳል፣ ሰው ማናገር ያስጠላዋል። ከዚያ ረከቦቱ ይቀርባል፣ አቦሉ ይቀዳል። ሰውዬው አንድ ጊዜ ፉት ይልና «ተመስገን፣ አሁን ዓይኔ ተገለጠ» ይላል። ሲኒው ገና አልተጋመሰም። ካፌይን ግን ከተጠጣ በኋላ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ታዲያ በዚያች ፉት ዓይኑን የገለጠለት ማነው?

ሰውዬው አልዋሸም፤ ራስ ምታቱ በእርግጥ ቀሎታል። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። ቡና አብዝተው የሚጠጡ ሰዎችን ለ24 ሰዓት ከከለከሏቸው በኋላ ካፌይን የወጣለት ቡና ሰጧቸው። «ካፌይን አለው» የተባሉት በግልጽ ቀለላቸው። የገረመኝ የሌሎቹ ነው፦ «ይህ ቡና ካፌይን የለውም» ተብሎ በቀጥታ የተነገራቸው ሰዎችም ውሃ ከጠጡት የተሻለ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሰው በአእምሮው የሚያምነው ነው፤ ሲነገረው ይለወጣል። ሌላው ሰውነት ራሱ የለመደው ነው፤ የተቆላ ቡና ሽታ፣ የሲኒው ሙቀት፣ የምላስ ላይ ምሬት። ይህኛው ቢነግሩትም አይሰማም።

ኖርማን ዚንበርግ የተባለው የሃርቫርድ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1984 (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የሚያነቃ ወይም የሚያደነዝዝ ነገር የሚሰጠው ስሜት በሦስት ነገር ላይ እንደሚቆም ጻፈ፦ ነገሩ ራሱ፣ ሰውዬው ይዞት የመጣው ሐሳብና ስሜት፣ እና ቦታው ከነአብሮ ተቀማጩ። ሦስት ጉልቻ በሉት። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ግን እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ወጡም ይለወጣል። ምን ያህል ይለወጣል፣ የቱስ አይለወጥም የሚለው ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው።

በመጠጥ ላይ የተሠራው ሙከራ ከሁሉም የጠራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አላን ማርላትና ሁለት ባልደረቦቹ በ1973 ያወጡት ጥናት ጠጪዎችን በአራት ከፈለ። አንዱ ቡድን ቮድካ ነው ተብሎ ቮድካ በቶኒክ (መራራ፣ ጋዝ ያለው ለስላሳ) ይቀርብለታል። ሁለተኛው ቮድካ ነው ተብሎ ቶኒክ ብቻ። ሦስተኛው ቶኒክ ብቻ ነው ተብሎ ቮድካ ያለበት። አራተኛው ቶኒክ ተብሎ ቶኒክ። ውህዱ አንድ እጅ ቮድካ ለአምስት እጅ ቶኒክ ነበር፤ በዚህ መጠን የቶኒኩ ምሬት ቮድካውን ይሸፍነዋል። ለማታለያው ደግሞ ጋዙ የወጣለት ቶኒክ በቮድካ ጠርሙስ ተሞልቶ ሰዎቹ እያዩ ይቀዳል። የተነገራቸው «ጣዕም አወዳድሩ» ነው እንጂ የሚለካው የጠጡት መጠን መሆኑን አያውቁም። ውጤቱ፦ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውም፣ ለጨዋታ ያህል የሚጠጡትም፣ አብዝተው የጠጡት ቮድካ ነው ብለው ያመኑት ናቸው። ብርጭቆው ውስጥ በእርግጥ ያለው ነገር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። «አንዴ ከቀመሰ ማቆም አይችልም» የሚባለው ነገር ቢያንስ በከፊል ከአልኮሉ ሳይሆን ከእምነቱ እንደሚመጣ ያሳየው ይህ ነው።

የሙከራው ደካማ ጎን ሦስተኛው ቡድን ነው። መጠኑ ከፍ ካለ ፊት ይግላል፣ እግር ይዝላል፣ ሰውዬው «ቶኒክ ነው አላችሁኝ እንጂ» ብሎ ይነቃል። ሁለተኛውም ቢሆን ብዙ ከቆየ ምንም ሳይሰማው ሲቀር ይጠራጠራል። ስለዚህ የሚሠራው በትንሽ መጠንና በአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በእኛ መጠጥ ልሞክረው የሚል ደግሞ ከመጀመሪያው ይቸገራል፤ አረቄ ጉሮሮ ላይ ራሱን ያሳብቃል፣ ጠጅን ከብርዝ የጌሾው ምሬት ይለየዋል።

ስም ብቻ ሲለወጥስ? በ2017 በወጣ ጥናት በፓሪስ 154 ወጣት ወንዶች ቮድካ፣ ሬድ ቡል የሚባለው የሚያነቃ ለስላሳና ጭማቂ የተቀላቀለበት አንድ ዓይነት መጠጥ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ በቮድካና በሬድ ቡል ስም ቀረበ፣ ለሌሎቹ «የቮድካ ኮክቴል» ወይም «የፍራፍሬ ኮክቴል» ተባለ። የሬድ ቡልን ስም የሰሙት ሰክረናል ያሉበት መጠን 51 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። መጠጡ ያው ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስካር ሐሳብ ነው» የሚል ሰው አደጋ ላይ ነው። እነዚህ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ እምነት በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው የሰዉን ጠባይ ነው፦ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ምን ያህል እንደሚደፍር፣ ይሉኝታውን የት እንደሚጥል። የእጅ ቅንጅትን፣ ትውስታን፣ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ፍሬን የመያዝ ፍጥነትን የሚወስደው ግን አልኮሉ ራሱ ነው፤ ተነገረውም አልተነገረውም። ጉበት ደግሞ የማንንም እምነት አይጠይቅም፤ በሰዓት በግምት አንድ መለኪያ ያህል እያጠራ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። «እኔ አልሰከርኩም» የሚለው ስሜት ከሁሉ በቀላሉ የሚታለለው ክፍል ስለሆነ መሪ ለመጨበጥ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ጫት ልምጣ፤ እዚህ ነው ነገሩ የሚበዛው።

ጀማሪ ቃሚ ሁለት ሰዓት ቅሞ የሚናገረው ይህን ነው፦ አፌ መረረ፣ ልቤ መታ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ምርቃና የሚባለው የታለ? ሃዋርድ ቤከር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ 50 የማሪዋና ተጠቃሚዎችን አነጋግሮ በ1953 የጻፈው ለዚህ ልክ ይመጣል። እንደ ቤከር አባባል ሰው ሦስት ነገር ይማራል፦ አወሳሰዱን፣ የሚሰማውን ነገር ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም ያንን ስሜት እንደ ደስታ መቁጠር። በበርጫ ላይ ሦስቱም ይታያሉ። ቅጠሉን ቀንጥቦ በጉንጭ ማጠራቀም፣ ጭማቂውን ቀስ ብሎ መዋጥ፣ ገራባውን መጣል የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ሁለተኛውን የሚያስተምረው አጠገቡ የተቀመጠው ነው፦ «ምነው ዝም አልክ፣ መረቀንክ እንዴ?» ይለዋል። ልቡ መምታቱና ላቡ መምጣቱ እስከዚያች ደቂቃ ሕመም ይመስል ነበር፤ አሁን ስም ወጣለት። ሦስተኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙዎች እዚያ ሳይደርሱ «እኔን አይስማማኝም» ብለው ይተዉታል። ባይማሩት ምን ይጎድልባቸዋል ብትሉኝ፣ ምንም።

ቅጠሉ ግን ባዶ አይደለም። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው የተለየው፤ አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ የሚያነቃ መድኃኒት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። በሰፊው በሚጠቀስ አንድ ምርመራ 100 ግራም ትኩስ ቅጠል በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ያህል ካቲኖን ተገኝቶበታል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው በኮባ የሚጠቀልለው፣ የአወዳይ መኪና በዚያ ፍጥነት የሚበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ትኩስ ይሁን» የሚለው ቃሚ ኬሚስትሪውን ይዟል። «በለጬ ካልሆነ አይዘኝም» እያለ የጫት ዓይነት የሚመርጠው ደግሞ ከስሙም ከዋጋውም ጥቂት እየቃመ ነው።

ሲቃም መጠኑ በደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የበርጫ ሥርዓት ደግሞ ይህንን ሰዓት ሳያውቀው ይከተላል። ምሳ ይበላል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ፍራሽና ትራስ ይስተካከላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ውሃና ለውዝ ይቀርባል። የመጀመሪያው ሰዓት ጨዋታና ሳቅ ነው። ከዚያ ሁሉም ሐሳብ አዋቂ ይሆናል፤ በምርቃና የተሠራ ፎቅ ብዙ ነው። ቆይቶ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እያንዳንዱ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ያፈጣል። በዚህ መሐል ዕዳ የሚጠይቅ ስልክ ቢጮህ፣ ደማቅ አምፖል ቢበራ፣ የማይቅም ሰው ገብቶ እየተመለከታቸው ቢቀመጥ «ምርቃናዬን ሰበርከው» ይባላል። በደሙ ያለው ካቲኖን በዚያች ቅጽበት አልቀነሰም። የተሰበረው ሌላኛው ጉልቻ ነው።

ያንኑ የጫት እስር ለተለያየ ሰው አካፍሉት። ተማሪው ለፈተና ይቅመዋል፣ ጫት ለጥናት ነው ይላል። የሌሊት ሾፌሩ ለእንቅልፍ ማባረሪያ ነው ይላል። ወሎ ውስጥ በሐድራ የተቀመጡት ሼህ ለዱዓና ለዚክር ይይዙታል። ሥራ የፈታው ወጣት ቀን ይገፋበታል። አራቱም የፈለጉትን አገኙ፣ አራቱም ያገኙትን የቅጠሉ ጠባይ ነው ብለው ይከራከራሉ። የአራቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ግን አብሮ ከፍ ብሏል፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ሐሳቡ ቅዱስ መሆኑ አይረዳውም።

ሀራራም ከዚሁ ወገን ነው። የዘወትር ቃሚ ሰዓቱ ሲደርስ ማዛጋት ይጀምራል። ሰዓት፣ የምሳው ማለቅ፣ የጓደኛው ድምፅ ሰውነቱን «ሊመጣ ነው» እያሉ ያዘጋጁታል። ይህ ዝግጅት ሕይወትና ሞት ሊለይ እንደሚችል ያሳየው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲው ሼፐርድ ሲገል ነው፤ ያጠናው ግን ሄሮይን ላይ ነው። በ1982 ባወጣው ሙከራ አይጦች እያደገ የሚሄድ መጠን ሲለማመዱ ቆዩ፤ በመጨረሻ አንድ ዓይነት ከባድ መጠን ተሰጣቸው። በለመዱት ክፍል ከተሰጣቸው 32 በመቶው ሞቱ። በማያውቁት ክፍል ከተሰጣቸው 64 በመቶው። ፈጽሞ ካልለመዱት 96 በመቶው። ቆየት ብሎ ከመጠን ያለፈ ሄሮይን ወስደው የተረፉ 10 ሰዎችን ሲጠይቅ 7ቱ ሁኔታው ከወትሮው የተለየ ነበር አሉ። የለመደ ቦታ ሰውነትን አስቀድሞ መከላከያ ያስነሣዋል፤ ባዕድ ቦታ ያለ ጋሻ ያገኘዋል። «ይህን ያህል እችላለሁ» የሚል ሰው የሚችለው እዚያ ቤት፣ በዚያ ሰዓት ነው።

ቦታውም ቅጠሉም አንድ ላይ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን እስራኤል ታይቷል። ቅጠሉን የየመንና የኢትዮጵያ አይሁድ ይቅሙታል፤ በሕግም አልተከለከለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሃጊጋት» የሚባል እንክብል በየኪዮስኩ ይሸጥ ጀመር፦ በአንዱ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ካቲኖን። ከላይ ባለው አማካይ ሲሰላ ከግማሽ ኪሎ በላይ ትኩስ ቅጠል በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ማለት ነው። በቅጠሉ ጊዜ የመንጋጋ ድካም፣ የሆድ መሙላት፣ የሰዓታት ርዝመት ልጓም ነበሩ፤ «ይበቃሃል» የሚል ሰውም አጠገብ አለ። በ2008 የታተመ የሐኪሞች ዘገባ በዚህ እንክብል የተጎዱ 34 ሰዎችን መዝግቧል፤ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት፣ ከባዶቹ ላይ የልብና የአንጎል ጉዳት።

ጨብሲ ላይም የመጀመሪያዋ ፉት ትመለሳለች። ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው ቢራ ገና ከጉሮሮ ሳይወርድ ትከሻ ይረግባል፤ አልኮሉ ገና ደም አልገባም። ችግሩ የሚመጣው ከአራተኛው በኋላ ነው። ጫቱ እንቅልፉን ስለያዘው የስካሩ ማስጠንቀቂያ ይዘገያል። ሰውዬው አራት ጠጥቶ የሁለት ያህል ይሰማዋል፣ ቁልፉን ያነሣል።

አንድ ሰው በርጫ ላይ ልቡ መትቶ ከደነገጠ ጭንቀቱ ራሱ ምቱን ያባብሰዋል። ከክፍሉ አውጥቶ አየር ወዳለበት ማስቀመጥ፣ ቅጠሉን ማስተፋት፣ ውሃ መስጠት፣ አንድ ሰው ብቻ ዝግ ባለ ድምፅ «በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል» ብሎ መንገር ያግዛል። ስድስት ሰው ከቦ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ማለት ያባብሳል፤ ቢራ መስጠትም እንዲሁ። የደረት ውጋት፣ ራስን መሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ግን ማጽናናቱ ይቅርና ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም ምን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ሳይደበቅ ይነገር።

ስለ ዱካክም ልጨምር። የለመደ ቃሚ ሳይቅም በተኛበት ሌሊት በሕልሙ እየመጣ የሚያስጨንቀው ዱካክ ነው ይባላል። የሚያነቃ ነገር ሲቋረጥ የታፈነው ሕልም በርትቶ እንደሚመለስ የታወቀ ነው፤ ቅዠቱ ይህ ነው። አምፌታሚን ያቆመ የለንደን ሰውም ያቃዠዋል። ዱካክ ግን አይመጣበትም፤ ስሙን የነገረው የለማ።