ታርጋ አለው?

ጎንደር ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ከአዘዞ መንገድ የሚመጣ ጉዳተኛ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ያን ምሽት ያመጣው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ገና በሩ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሲስተር፣ እኔ አልገጨሁም!» አለ። አልፈረድኩበትም። ያነሳ ሰው እንደ ገጨ ተቆጥሮ ጣቢያ ሲያድር ሰምቷላ።

ጉዳተኛውን እጅና እግሩን ይዘው፣ አጣጥፈው ነው ከኋላ ወንበር የከተቱት። አንገቱን ማን አስታውሶት! ያንኮራፋል። ተከትለው የመጡት «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወስዶታል» ይላሉ። ለእኛ ያ ማንኮራፋት የአየር መንገዱ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። የንቃት መለኪያው (ጂሲኤስ) ከ15ቱ 7 ብቻ። መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋን፣ ደሙን በመሳቢያ ማሽን (ሰክሽን) ሳብን፣ የአንገት መደገፊያ (ኮላር)፣ ኦክስጅን። የቀኝ ዓይኑ ብሌን ከግራው ሰፍቷል፤ አንጎሉ እየተጫነ እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት ነው። ሐኪሙ «ሲቲ፣ አሁኑኑ!» አለ፤ የጭንቅላት ውስጥ ምስል ማንሻውን ማለቱ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ሮጥኩ።

«አስታማሚ አለው?»

«የለውም።»

«የገጨው መኪና ታርጋስ?»

«ገጭቶ አምልጧል ጋሼ።»

«ታርጋ ከሌለ በምን ልመዝግበው?»

«ምናልባት ግንባሩ ላይ ታትሞ ከሆነ ልይልዎት?»

አልሳቁም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ለመኪና አደጋ ተጎጂ በወቅቱ እስከ 2000 ብር አስቸኳይ ሕክምና ይፈቅድ እንደነበር፣ መኪናው ካልታወቀ ደግሞ የመድን ፈንዱ እንደሚከፍል ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አዋጁን አምጪልኛ!»

እዚያ ሰው ብሌኑ እየሰፋ፣ እዚህ አዋጅ ፍለጋ። በመጨረሻ ተረኛው ሐኪም በራሱ ኃላፊነት ፈረመና ሲቲው ተነሳ። ደም የራስ ቅሉ ሥር ተጠራቅሞ አንጎሉን ተጭኖታል። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ገባ። ቤተሰቦቹ በማግስቱ ከቆላ ድባ ደረሱ። ድኖ በእግሩ ወጣ።

የእኔ ንዴት ግን አልወጣም። ፒያሳ ወርጄ በ2005 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 799 አሳተምኩ። የአስቸኳይ ሕክምናውን አንቀጽ በቢጫ ቀለም አቅልሜ መስኮታቸው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ይቀዱታል ብዬ ነበር። አልቀደዱትም። ቁጭ ብለው አነበቡት። ደጋግመው።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ታርጋ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። የአደጋ ጉዳተኛ ሲመጣ ከማንም ቀድመው ካርድ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ኃላፊዎቻችን ሳይቀሩ በስብሰባ ላይ አመሰገኗቸው። (ወረቀቱን ያሳተምኩበትን ብር ማንም አልመለሰልኝም፤ እሱ ይቅር።)

ብዙም ሳይቆይ ግን መስኮታቸው ጋ አንድ ደብተር ተከፈተ። ጓንት፣ ካኑላ፣ ግሉኮስ፣ ራጅ... የጉዳተኛው ወጪ ሁሉ ይሰፈርበት ነበር። አዋጁ ሲወጣ 2000 ብር ብዙ ያስኬድ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ገና ሰውየውን አገላብጠን ሳንጨርስ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን አጥንቱ የተሰበረ ልጅ እያሰርኩ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ብቅ አሉ።

«ሲስተር፣ 2000 ሞልቷል።»

«ታዲያ ግማሹን አስሬ ልተወው?»

«እኔ ምን አውቄ። የለጠፍሽው አንቺ ነሽ።»