ዴ ቦኖ በኩራት ያወጣው ምስጢር

ስለ 1928ቱ ወረራ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ጣሊያን የጻፈው ምን ይታመናል?» ይላል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ጣሊያን እኛን ለመውረር ቀድማ መዘጋጀቷን ከሚያሳዩት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱን የሰጠን የወራሪው ጦር አዛዥ ራሱ ነው። በገዛ እጁ ጽፎ፣ ሙሶሊኒን መቅድም አስጽፎ፣ ለገበያ ያወጣው መጽሐፍ ነው።

ሰውዬው ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ ይባላል። ፋሺስቶች ሮም ላይ ሲዘምቱ ከአራቱ መሪዎች አንዱ ነበር። ከዚያ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን የተሻገረውን ጦር የመራው እሱ ነው። አድዋን፣ አክሱምን፣ መቀሌን ያዘና ቆም አለ። ሙሶሊኒ ደግሞ መቆም አልፈለገም። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የማርሻልነት ማዕረግ ሰጥቶ በክብር አነሳው፣ ቦታውን ለፒየትሮ ባዶሊዮ ሰጠ። አዲስ አበባ የገባውም፣ ዝናውን የወሰደውም ባዶሊዮ ሆነ።

እንግዲህ እንዲህ የተሻረ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በ1936 ማስታወሻውን ሲያሳትም ምን ፈልጎ ነው? ለእኔ ማንኛውንም የጦር መኮንን ማስታወሻ ከመግለጤ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ዴ ቦኖ ሊል የፈለገው ግልጽ ነው፦ ባዶሊዮ የሮጠበትን መንገድ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ምጽዋ ወደብ ያን ሁሉ መርከብ እንዲያስተናግድ ያደረግሁት፣ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድ ያሠራሁት፣ ስንቁንና ውሃውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ዝግጅቱ መቼ እንደተጀመረ መናገር ነበረበት። ተናገረ።

እ.ኤ.አ. በ1933 ነው ይላል። ሙሶሊኒን፣ እዚያ ጦርነት የሚኖር ከሆነና ብቁ ነኝ ብለህ ካሰብክ የመምራቱን ክብር ለእኔ ስጠኝ ብሎ ጠየቀው። ሙሶሊኒም እሺ አለ። ዴ ቦኖ «አርጅተሃል አትለኝም ወይ?» ሲለው፣ ሙሶሊኒ «አይ፣ ጊዜ ማጥፋት የለብንምና» ብሎ መለሰለት። ጉዳዩ ቢዘገይ እስከ እ.ኤ.አ. 1936 መቋጨት እንዳለበትም ያኔውኑ ተነጋገሩ። ይህን ሁሉ የሚነግረን ራሱ ዴ ቦኖ ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። በኦጋዴን ወልወል በምትባል ቦታ በኢትዮጵያና በጣሊያን ጦር መካከል ግጭት የተነሳው ኅዳር 26 ቀን 1927፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1934 ነው። ጣሊያን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆማ «ኢትዮጵያ ተነኮሰችን፣ ተጠቃን» እያለች ወራት የፈጀችው በዚህ ግጭት ነው። ሰነድ አዘጋጅታ፣ ጠበቃ አቁማ፣ ዓለምን ስታደናግር። እና ያው የጦር አዛዧ ከወልወል አንድ ዓመት በፊት ጦርነቱን ማን ይምራው እየተባባሉ እንደነበር በኩራት ጻፈው። ይህን ያህል የመንግሥቱን ውሸት በገዛ እጁ ያፈረሰ መኮንን ሌላ አላውቅም። ለዚህም ነው የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት።

በእርግጥ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይዋጥም። «እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት» የሚል ሰው ዝግጅቱን ረዘም አድርጎ ቢያሳይ ይጠቀማል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። እሱም አለ፤ ዴ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1932 ኤርትራን ጎብኝቶ ሲመለስ የወረራ ዕቅድ ማዘጋጀት መጀመሩ በጣሊያን ሰነዶች ተገኝቷል። እዚህ ላይ ማስታወሻውና ሰነዱ ገጠሙ። ባላባቶቻችንን በገንዘብና በተስፋ ከፋፍዬ የንጉሡን ጦር አሳሳሁት የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበረው የትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ወደ ጣሊያን መክዳቱ እውነት ነው፣ ያማል። ነገር ግን ጣሊያኖች ብዙ ሺህ ጦር ይዞ ይመጣል ሲሉ እሱ የገባው 1,200 ያህል ሰው ይዞ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ገጽ ወርቅ፣ ሌላው ገጽ ጉራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ባዶሊዮም እዚያው ዓመት የራሱን መጽሐፍ አወጣ፣ ለእሱም ሙሶሊኒ መቅድም ጻፈለት። ብዙ የሚጠቅም ነገር አለው፤ የእኛን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ እንደነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ጦርነት በፊት ለእቴጌ የላኩትን ሳይቀር፣ ከእሱ እናገኛለን። የመርዝ ጋዙን ግን ዘሎታል። በሽሬ ግንባር ጦር ይመሩ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ በታኅሣሥ 1928 ተከዜ አጠገብ ያዩትን ለጣሊያናዊው ታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል፦ አውሮፕላኖቹ የጣሉት እንግዳ በርሜል መሬትና ውሃ ላይ እየተሰበረ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ፣ የነካው ሰው እጁና እግሩ፣ ፊቱም አበጠና ቆሰለ። አንድ ጦርነት፣ ሁለት አዛዦች። አንዱ ጋዙን ያዘዘ፣ ሌላው የተረጨበት።

ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባለው ታዋቂ ጋዜጠኛም አለ። በወረራው ጊዜ የአስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የሚዋጉ ኤርትራውያን ወታደሮች፣ ጦር ወጣት መኮንን ነበር። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ከዴል ቦካ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከራከረ። ምናልባት እሱ በነበረበት አላየም ይሆናል። ግን የአንድ የሻለቃ ጦር መኮንን አለማየት ስለ ሌላው ግንባር ምንም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ!

ስለዚህ የማይጨውን የሙታን ቁጥር ከባዶሊዮ ቀድታችሁ በየገጻችሁ የምትለጥፉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ቁጥሩ የእሱ መሆኑን አብራችሁ ጻፉ። የራሱን ወታደር የቆጠረው በስም ዝርዝር ነው፤ የእኛን የገመተው ከድሉ በኋላ ነው፣ ያውም ድሉን ለሮም ማጉላት ሲፈልግ። ዴ ቦኖ ስለ እ.ኤ.አ. 1933 የጻፈውን ቃል ግን ደጋግማችሁ ጥቀሱት። ወልወልን ሰበብ ለሚያደርግ ሁሉ መልሱ እዚያ አለ።