ከኖዝሉ የጠፋው መድኃኒት

በአንድ ቆላማ ወረዳ ለሦስት ዘመቻ በፀረ ወባ የቤት ውስጥ ርጭት ስለ ሠራሁ፣ አየሩ በእጅ የሚሞላውን የርጭት ፓምፕ የማውቀው ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው ከቤት ቤት በመዞር ነው። ስለ እርሱ እንድጽፍ ያደረገኝ በሁለተኛው ዘመቻ የደረሰብን ነገር ነው። ከቡድናችን አንዱ ወጣት መድኃኒቱ ከታቀደለት የቤት ቁጥር ቀድሞ በየቀኑ ያልቅበት ስለነበር፣ ለአትክልት ገበሬዎች ሳይሸጠው አይቀርም የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ከጠረጠሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ጠዋት ፓምፑን በንጹሕ ውኃ ሞላነው፤ ግፊቱን 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) አካባቢ ይዘን ለአንድ ደቂቃ ባልዲ ውስጥ ከረጨን በኋላ የወጣውን ለካነው። ወደ 760 ሚሊ ሊትር መሆን ሲገባው 950 ገደማ ሆነ። በዚህ አወጣጥ፣ ለ250 ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚበቃው 10 ሊትር የመድኃኒትና የውኃ ብጥብጥ 200 ካሬ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ማለትም ለአምስት ቤት የተመደበው አራተኛው ቤት ላይ ይጠናቀቃል። ልጁ ምንም አልሸጠም፤ የሰፋው የኖዝሉ፣ ማለትም ብጥብጡ የሚረጭበት ጫፍ፣ ቀዳዳ ነበር።

ያሰፋውም መርፌ ነው። የምንጠቀመው የወንዝ ውኃ ደለል ስላለበት ኖዝሉ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ በችኮላ ላይ ያለ ሠራተኛም ያገኘውን ሹል ነገር ይከትበታል። ትክክለኛው መንገድ ውኃውን ገና ሲቀዳ በጨርቅ ማጥለል፣ ትርፍ ኖዝል መያዝ፣ የተደፈነውን ደግሞ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው። በአፍ መንፋት መርዝን ወደ ከንፈር መጋበዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

በርጭቱ ጊዜ ግፊቱ እስከ 55 ፒኤስአይ ይሞላል፤ ወደ 25 ሲወርድ እንደገና ይሞላል። ኖዝሉ ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር እየሠራ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው መስመር የፊተኛውን በ5 ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት። አንድ ሜትር ለመውረድ 2.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ እኔ ፍጥነቴን የምጠብቀው በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። በውኃ የተበጠበጠው የመድኃኒት ዱቄት ታች ስለሚዘቅጥ ታንኩን አልፎ አልፎ መወዝወዝ ያስፈልጋል። ለመስቀል ቤታቸውን የሚለቀልቁ እናቶች ካሉም፣ ልቅለቃው ከርጭቱ እንዲቀድም አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ በላዩ ጭቃ የተመረገበት መድኃኒት ትንኟን አያገኛትም።

ማታ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ግፊቱ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ብጥብጡ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ከዚያ ታንኩ ብቻ ሳይሆን ቱቦውና ኖዝሉን የያዘው ዘንግም ንጹሕ ውኃ በውስጣቸው እየተረጨ ይታጠባሉ፤ እጣቢው ወደ ወንዝ ሳይሆን ለዚሁ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ይፈስሳል። ማጣሪያውም ወጥቶ ይታጠባል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግፊት አይያዝም። የአየር መሙያው ጫፍ ቆዳ ከሆነ ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ዘይት ይፈልጋል፤ እጀታው ምንም ሳይከብድ ወደ ታች ከወረደ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። በመጨረሻም ፓምፑ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ በየዘመቻው መጀመሪያ የሁሉንም ፓምፖች ኖዝል በባልዲና በመለኪያ ጆግ ሳንፈትሽ ወደ ቀበሌ ወጥተን አናውቅም።