አራት ፊርማ

አባታችን ያረፈ ጊዜ ወረቀቱ የተገኘው ዳዊቱ ውስጥ ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ። ከሥሩ የእሱ ፊርማ፣ ቀጥሎ የሁለት ጓደኞቹ። የፒያሳውን ቤት ሲያስታምመው ለኖረችው ለታናሽ እህታችን ሰጥቷል።

ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም ከነቀኑ እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። የአባታችን ሁለት ምስክር ብቻ ነበረው፤ "ተነበበ" የሚል ቃልም የለውም። እስካሁን የሚቆጨኝ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ ቢፈርምበት ምስክርም ባላስፈለገው ነበር። እጅ ጽሑፉ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! (በእጅ የተጻፈም ቢሆን በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።)

ቤቱ ለአምስታችን እኩል ሆነ። መስማማት አቃተን፣ ተሸጠ። እህቴ አባቷን ስታጥብበት ከኖረችው ክፍል ፍራሿን ተሸክማ ስትወጣ አይቻለሁ። በልጆቼ ላይ ይህ አይደርስም ያልኩት የዚያን ቀን ነው።

ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ "ሊቪንግ ትረስት አድርጊና ተገላገዪ" አለችኝ። እዚያ አገር ሰው በቁሙ ቤቱን ወደ ትረስቱ ስም ያዞራል። ራሱ ባለአደራ ሆኖ እንደ ልቡ ያስተዳድረዋል፤ ሐሳቡን ከቀየረም ያፈርሰዋል። ሲሞት እሱ የሰየመው ተተኪ ባለአደራ ያከፋፍላል። ትረስቱ ውስጥ ለገባው ንብረት ፍርድ ቤት ደጅ መጥናት የለም። በጣም ወደድኩት።

ልደታ አካባቢ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው ያዳምጣል። "የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራን ያውቃል፣ ከቁጥር 516 ጀምሮ አለልዎት። በስጦታ ወይም በኑዛዜ ይቋቋማል። እርስዎ ያለዎት ምንድን ነው?" አለኝ። አራት ኪሎ ያለች ኮንዶሚኒየም፣ ትንሽ የባንክ ብር፣ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ልጆች። "እንግዲያው ኑዛዜ ይበቃዎታል። አደራው ንብረቱን ራሱ መያዝ የማይችል ልጅ ቢኖርዎት ኖሮ ደህና ነበር።"

ባለቤቴ መጀመሪያ "ሟርት አታምጪብኝ" አለ። አልፈረድኩበትም፣ እኛ ቤት ስለ ሞት የሚወራው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። እሺ ሲል በአንድ ወረቀት ልንጽፈው አሰብን። አይሆንም። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የተናዘዘው ፈራሽ ነው። ከዚያ የሰማሁት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። ከጋራው ንብረት ግማሹ የራሴ ነው፣ የእሱ ግማሽ የልጆቹ ነው። ስንት ዓመት በትዳር ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር! ልጆቻችንን እናምናለን፤ ቢሆንም በየግላችን ቤቱን ለልጆቹ ሰጥተን፣ ከሁለታችን በሕይወት የቀረው እስኪሞት ድረስ እንዲኖርበት ጻፍን። ጠበቃው "አላባ" ይለዋል።

ታላቅ እህቴም እዚህ ላላት ቤት "ውክልና ሰጥቼሽ የለ? የእኔንም ጻፊልኝ" አለች። ኑዛዜ በውክልና አይደረግም። ውክልናውም ሰጪው የሞተ ዕለት ያበቃል። ስንቱ ሰው ውክልና ስለሰጠ ብቻ ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል መሰላችሁ። እባካችሁ፣ ውክልናን ኑዛዜ አታድርጉት።

ከሁሉም ያለፋኝ ግን ኑዛዜው አይደለም፣ ካርታው ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው የአያቴ ስም ካርታው ላይ በአንድ ፊደል ይለያል። እሱን ለማስተካከል የተመላለስኩት ኑዛዜውን ለማዘጋጀት ከተመላለስኩት ይበልጣል። ለእህቴ ስነግራት "እኔም እንደዚያው ሆኛለሁ" አለችኝ። ትረስቱን ፈርማ፣ ቤቱን ግን ወደ ትረስቱ ስም ሳታዞር ሁለት ዓመት ከርማለች። ያኔ ብትሞት ቤቱ ትረስቱ ውስጥ የለም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

ልጆቹን ቡና አፍልቼ ነገርኳቸው። ሴቷ "እማዬ፣ ተይ" ብላ ተነሳች። ወንዱ ዝም አለ፣ ቆይቶ "የት ነው የሚቀመጠው?" አለኝ። አሳየሁት።

ከዚያ ውልና ማስረጃ። የመጀመሪያው ቀን የአንዱ ምስክር መታወቂያ ጊዜው አልፎ ተመለስን። ሁለተኛው ቀን ሞላልን። ውል አዋዋዩ ራሱ ምስክር ሲሆን ሕጉ በሁለት ምስክር ይረካል፤ እኔ ግን አራት ሰው ይዤ ሄድኩ። ከአራቱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከእኔ ኑዛዜ የሚደርሳት ነገር ስለሌለ ጠበቃው ትችላለች ብሏል። ሲነበብ መሬት መሬቱን እያየች ሰማች። ተነቦ ሲያልቅ "አንድ ጊዜ ይደገምልን" አለች። ተደገመ። ሁላችንም ፈረምን። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና "ተነበበ" የሚለውን ቃል በጣቷ ፈለገች። አገኘችው። ከዚያ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።